ፕሪንተር እንቢ ሲል፦ መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ ለዩ

«ፕሪንተሩ ተበላሸ።» በሥራ ቀኔ ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህንን ነው። አንዱ እንዲህ የሚለኝ ወረቀት ተቀርቅሮበት ነው። ሌላው ጽሑፉ ደብዝዞበት ነው። ሦስተኛው «ፕሪንት» ብሎ ተጭኖ ማሽኑ ዝም ብሎበት ነው። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ፕሪንተሩ ምንም አልሆነም፤ ላፕቶፑ ሌላ ዋይፋይ ላይ ገብቷል።

የቢሮ ኮምፒውተሮችንና ፕሪንተሮችን መከታተል ሥራዬ ነው። ከሥራ ውጭ ደግሞ የዘመድ ወዳጁን ፕሪንተር በስልክ አስተካክላለሁ። ቢሮም ሆነ ቤት ሰው የሚደክመው በአንድ ምክንያት ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይነካካል። ማሽኑን ያጠፋል፣ ካርትሪጁን (የቀለም መያዣውን) ያወጣል፣ ኬብሉን ይነቅላል፣ ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ያጠፋል። ከዚያ ቢሠራም ምን እንደነበር አይታወቅም፤ ባይሠራም የቱ እንደተነካ አይታወቅም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። የፕሪንተር ነገር ሥሩ ደግሞ አንድ ጥያቄ ነው፦ ጥፋቱ ማሽኑ ውስጥ ነው ወይስ ከማሽኑ ውጭ?

ማሽኑ ብቻውን ያትም

ኮምፒውተሩን ለጊዜው እርሱት። ፕሪንተሩ ስካነር ካለው ነገሩ ቀላል ነው። ጽሑፍ ያለበት አንድ ወረቀት መስታወቱ ላይ አድርጉና ኮፒ የሚለውን ተጫኑ። ስካነር ከሌለው ሜኑው ውስጥ «ሪፖርት» ወይም «ቴስት ፔጅ» የሚል ፈልጉ። ስክሪን የሌላቸው ብዙ ትንንሽ ሌዘር ፕሪንተሮች (በዱቄት ቀለም የሚያትሙት) ደግሞ አንዱን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ስትይዙት የራሳቸውን መረጃ የያዘ ገጽ ያትማሉ። አጫጫኑ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ማኑዋሉን አንድ ጊዜ እዩና በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ማሽኑ ጎን ላይ ለጥፉት። በጭንቅ ሰዓት ያወጣችኋል።

ገጹ ጥርት ብሎ ከወጣ ፕሪንተሩ ጤነኛ ነው። ክዳኑን አትክፈቱ፣ ካርትሪጁንም አትንኩ። ችግሩ ኮምፒውተሩ፣ ኬብሉ ወይም ኔትወርኩ ላይ ነው። ገጹ ካልወጣ ወይም ተበላሽቶ ከወጣ ግን ድራይቨር እያወጡ ማስገባት ከንቱ ድካም ነው።

አንድ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ የሚሠሩ በዕድሜ ከፍ ያሉ እናት አሉ። አንድ ቀን ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ማሽን በየገጹ ጥቁር መስመር ያሰምርብኛል። ልጆቹ ድራይቨሩንም አውጥተው አስገቡት፤ ያው ነው።»

«እትዬ፣ እስኪ አንድ ወረቀት መስታወቱ ላይ ያድርጉና ኮፒ ያንሱልኝ።»

«ቆይ... ይኸው ወጣ። መስመሩ እዚህም አለ።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩ የለበትም። ካርትሪጅ ይዤ እመጣለሁ።»

ልጆቹ ግማሽ ቀን የፈጁበት ነገር በአንድ ኮፒ ተለየ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህች ፈተና በኋላ የሚመጣ ነው።

ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ወረፋው መታነቁ ነው። አንድ ትልቅ ወይም የተበላሸ ፋይል ከፊት ይቆማል። ከኋላው ያለው ሁሉ ይጠብቃል። ሰው ደግሞ አልወጣልኝም ብሎ ደጋግሞ ይልካል፤ ወረፋው ይረዝማል። «ካንስል» ቢባልም «ዲሊቲንግ» ብሎ እዚያው ይቀራል።

ዊንዶውስ ላይ መፍትሔው እንዲህ ነው። መፈለጊያው ላይ «ሰርቪስስ» ብላችሁ ክፈቱ። ከዝርዝሩ ውስጥ «ፕሪንት ስፑለር» የሚለውን፣ ማለትም ወረፋውን የሚያስተናግደውን፣ ፈልጉና «ስቶፕ» አድርጉት። ከዚያ ሲ ድራይቭ ውስጥ ግቡ። ዊንዶውስን፣ ቀጥሎ ሲስተም32ን፣ ቀጥሎ ስፑልን፣ ቀጥሎ ፕሪንተርስ የሚለውን ፎልደር ክፈቱ። ፈቃድ ከጠየቃችሁ ፍቀዱ። ውስጡ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ አጥፉ። ፎልደሩን ራሱን ግን አትንኩት። ተመልሳችሁ ስፑለሩን «ስታርት» በሉት። ወረፋው ባዶ ይሆናል። ከዚያ አንድ ገጽ ብቻ ላኩና እዩ። የቢሮ ኮምፒውተር ሆኖ ፈቃዱ ከሌላችሁ የአይቲ ባለሙያውን «ስፑለሩን አጽዳልኝ» በሉት። ወዲያው ይገባዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው «ኦፍላይን» የሚለው ጽሑፍ ነው። በዩኤስቢ የተገናኘ ከሆነ ኬብሉን ከሁለቱም በኩል ነቅላችሁ ሰኩ። በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል ከሆነ ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሞክሩት። ከዚያ የፕሪንተሮችን ዝርዝር ክፈቱ። ያው ፕሪንተር ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ታገኙት ይሆናል፤ አንዱ መጨረሻው ላይ «ኮፒ 1» የሚል ይኖረዋል። የዩኤስቢ ሶኬቱ በተቀየረ ቁጥር ዊንዶውስ አዲስ መስሎት ሊመዘግበው ይችላል። እናንተ የምትልኩት ወደ አሮጌው ነው። የማይሠራውን አጥፉና የሚሠራውን ዋና ፕሪንተር አድርጉት። እግረ መንገዳችሁን ዊንዶውስ ዋና ፕሪንተር ራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅደውን ምርጫ አጥፉት። እሱ ክፍት ከሆነ መጨረሻ የተጠቀማችሁበትን እያነሳ ዋና ያደርገዋል። አንድ ጊዜ ፒዲኤፍ ላይ «ካተማችሁ» በማግስቱ ደብዳቤያችሁ ወደ ወረቀት ሳይሆን ወደ ፋይል ይሄዳል።

በዋይፋይ ወይም በኔትወርክ የሚሠራ ከሆነ ዋናው ተጠርጣሪ የአይፒ አድራሻው፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ነው። ራውተሩ ለፕሪንተሩ ቁጥር ያድለዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ራውተሩ ሬስታርት ሲሆን ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ኮምፒውተሩ ግን በድሮው አድራሻ መላኩን ይቀጥላል። ማሽኑ ብቻውን ያተመውን የመረጃ ገጽ ተመልከቱ፤ የአሁኑ አድራሻ እዚያ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ የፕሪንተሩን «ፖርት» (የሚላክበት አድራሻ የተጻፈበትን) ክፈቱና አስተያዩት። ከተለያዩ አስተካክሉት። ዘላቂው መፍትሔ ግን ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ያንን ቁጥር ለፕሪንተሩ ብቻ ማስያዝ ነው። ይህንን አንድ ጊዜ ያስተካከልኩላቸው ቢሮዎች «ኦፍላይን አለኝ» ብለው መደወል ትተዋል።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። ብዙ የቤት ፕሪንተሮች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ዋይፋይ ብቻ ነው። የ5 ጊጋኸርዙ ስም ለብቻው ከሆነ እነሱ አያዩትም። ለእንግዳ የተከፈተ ዋይፋይ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይገናኙ ያግዳል። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ፕሪንተሩ ግን አይገኝም።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተውን ላንሳ። ፋይሉ ተልኳል፣ ማሽኑ በርቷል፣ ወረቀትም አለ። ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የሚጠብቀው እናንተ የሌላችሁን ወረቀት ነው። ከሌላ ሰው የመጣ ዶክመንት በ«ሌተር» መጠን ተዘጋጅቶ ይሆናል፤ ትሪው ውስጥ ያለው ደግሞ ኤ4 ነው። ኤ4 ስፋቱ 210፣ ቁመቱ 297 ሚሊሜትር ነው። ሌተር ሰፋ ብሎ ያጥራል፤ 216 በ279 ገደማ ነው። በዓይን ብዙም አይለዩም። ማሽኑ ግን ይለያቸዋል፤ «ትክክለኛውን ወረቀት አምጡ» ብሎ ይቆማል። ለጊዜው እሺ የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ባለው ወረቀት ያትመዋል። ከዚያ ዶክመንቱ ውስጥ ገብታችሁ የገጹን መጠን ኤ4 አድርጉ። የፕሪንተሩም ምርጫ ላይ እንዲሁ አድርጉ። ሦስቱ፣ ማለትም ዶክመንቱ፣ ድራይቨሩና ትሪው፣ ከተስማሙ ይህ ችግር አይመለስም።

አንድ ፒዲኤፍ ብቻ ተመሰቃቅሎ ከወጣ፣ ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ወይም ዝብርቅርቅ ምልክት ከሆነ፣ የፊደሉ ቅርጽ ለፕሪንተሩ አልደረሰውም ማለት ነው። አማርኛ ጽሑፍ ላይም ያጋጥማል። ማተሚያ መስኮቱ ላይ «አድቫንስድ» ውስጥ «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» የሚለውን ምረጡ። ገጹ እንደ ፎቶ ይላካል። ትንሽ ይዘገያል እንጂ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ያው ይወጣል። ሁሉም ፋይል እንዲህ ከሆነ ግን ድራይቨሩ የሌላ ሞዴል ወይም የተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አጥፍቶ ትክክለኛውን መጫን ተገቢ ነው።

ወረቀት ሲቀረቀር

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ብዙ ጤነኛ ማሽን የሚሰበረው በመቀርቀሩ ሳይሆን ሲጎተት ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ደግሞ የፈሰሰው ላይለቀም ይችላል።

መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉ። ሌዘር ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ቶነሩን (የዱቄት ቀለሙን) ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ፊውዘር የሚባለው ክፍል ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ ያቃጥላል። ከዚያ ትሪውን፣ የፊት በሩን፣ የኋላ በሩን ክፈቱና ወረቀቱ የት እንደቆመ እዩ። በሁለት እጃችሁ ሁለቱንም ጠርዝ ይዛችሁ፣ ወረቀቱ በሚጓዝበት አቅጣጫ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በአንድ ጥግ ብቻ ከሳባችሁት ይቀደዳል። ከተቀደደ የወጣውን ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሙት። ሙሉ ገጽ ካልሆነ የጎደለው አሁንም ውስጥ ነው ማለት ነው። ወረቀቱን አውጥቼዋለሁ ግን አሁንም «ጃም» ይለኛል ለሚሉኝ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ቁራጭ ሳይኖርም «ጃም» ካለ የሚፈለጉት የወረቀት ሴንሰሮች ናቸው። ወረቀቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ እንደ ጥፍር ያነሱ ጥቁር የፕላስቲክ ምላሶች አሉ። ወረቀቱ ሲደርስ ይገፋቸዋል፣ ሲያልፍ ስፕሪንግ ይመልሳቸዋል። በዚህ ነው ማሽኑ ወረቀቱ የት እንደደረሰ የሚያውቀው። በእጅ ባትሪ አብሩና በጣት ጫፍ ንኩት። ተገፍቶ ወዲያው መመለስ አለበት። ተጋድሞ ከቀረ ማሽኑ ወረቀት ያለ ይመስለዋል። አንዳንዴ የያዘው ከማሸጊያ የተላጠ አንዲት የቴፕ ቁራጭ ናት።

ደጋግሞ የሚቀረቀር ከሆነ ከማሽኑ በፊት ወረቀቱን ጠርጥሩ። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። ከማሸጊያው ወጥቶ የከረመ ወረቀት ጠርዙ ይሞገጋል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። ጥቅሉን ከፍታችሁ ሁሉንም አታውጡ፤ የምትፈልጉትን ያህል አውጡና የቀረውን በማሸጊያው ሸፍኑት። ትሪው ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት በሁለት እጃችሁ አጠፍ ዘርጋ አድርጉና አየር አስገቡበት፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ነካ ነካ አድርጋችሁ አስተካክሉት። ወረቀቱ አንድ ወገን ከጎበጠ ገልብጡት። ትሪው ላይ ያለችውን የከፍታ ምልክት አትለፉ። የጎን መያዣዎቹ ወረቀቱን ይንኩት እንጂ አይጫኑት። ከላሉ ገጹ ጠሞ ይገባል፤ ከጠበቡ ወረቀቱ መሐሉ ይጎብጣል።

ወረቀቱ ደህና ሆኖ ማሽኑ አልጎትት ካለ የሚያነሳው ጎማ ደክሟል። ይህ ጎማ ትሪው በሚገባበት በኩል ከላይ ያለ ግራጫ ወይም ጥቁር ሮለር ነው። አዲሱ ሲዳሰስ ሻካራ ነው፣ ጣት ይይዛል። የደከመው ያብረቀርቃል፣ ያንሸራትታል፤ የወረቀት ብናኝ ለብሶታል። ክር የማይጥል ጨርቅ በንጹሕ ውሃ ነክራችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁ። ሮለሩን በእጃችሁ እያዞራችሁ ዙሪያውን ጥረጉ። ጨርቁ ላይ ጥቁር መውጣቱ እስኪቆም ቀጥሉ፣ ከዚያ ይድረቅ። እኔ እዚህ ላይ አልኮል አልጠቀምም፤ ሲደጋገም አንዳንዱን ጎማ ያደርቀዋል። ሁለት ሦስት ወረቀት አብሮ የሚጎትት ከሆነ ደግሞ ከሮለሩ ትይዩ ያለችው የመለያ ጎማ አልቃለች። ሁለቱም የሚቀየሩ ዕቃዎች ናቸው። ለአንዲት ጎማ ብሎ ሙሉ ማሽን ሲጣል ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ሌዘር፦ ገጹን እንደ ምስክር አንብቡት

ሌዘር ፕሪንተር የሚሠራው በስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። ድራም የሚባለው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሲሊንደር ኤሌክትሪክ ይሞላል። የሌዘሩ ብርሃን ጽሑፉ የሚያርፍበትን ቦታ ሙሌቱን ይቀንስለታል። የቶነሩ ዱቄት እዚያ ይለጠፋል። ከዚያ ወረቀቱ ከሥር ያልፋል፤ ከኋላው ያለው ሮለር ዱቄቱን ወደ ወረቀቱ ይስበዋል። መጨረሻ ፊውዘሩ አቅልጦ ያጣብቀዋል። ይህንን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው የተበላሸ ገጽ ሲያይ የቱ ክፍል እንደሆነ መገመት ይችላል። እርጥብ ወረቀት ላይ ጽሑፍ ደብዝዞ የሚወጣውም በዚሁ ነው፤ እርጥበቱ ዱቄቱን የሚስበውን ኤሌክትሪክ ያፈሰዋል።

ከላይ እስከ ታች የደበዘዘ ሰፊ ሰንበር ካለ ብዙ ጊዜ ቶነሩ እያለቀ ነው። ካርትሪጁን አውጡና አግድም ይዛችሁ ግራና ቀኝ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙት። ጥቂት ገጽ ይሰጣችኋል፣ እስከዚያ አዲስ ፈልጉ። ድራሙን በጣት አትንኩት፤ የጣት አሻራ ገጹ ላይ ይወጣል። ብርሃን ላይም አታቆዩት፤ ከቆየ በጨርቅ ሸፍኑት። አዲስ ካርትሪጅ ገብቶ ገጹ ነጭ ከሆነ የማሸጊያው ቴፕ አልተሳበ ይሆናል።

ቀጭን ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ከሄደ ድራሙ ተጭሯል ወይም ድራሙን የሚጠርገው ምላስ ተበላሽቷል። በብዙ ትንንሽ ሌዘሮች ሁለቱም ካርትሪጁ ውስጥ ናቸው፤ ካርትሪጁ ሲቀየር ይፈታል።

እኔ በጣም የምወደው ምርመራ የሚደጋገም ነጥብ ነው። አንድ ዓይነት ነጥብ ወይም ቆሻሻ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ ከወጣ፣ የሆነ የሚዞር ነገር በእያንዳንዱ ዙር እያተመው ነው። ማስመሪያ አምጡና ከአንዱ ነጥብ እስከ ቀጣዩ ለኩ። ያ ርቀት የጥፋተኛው ሮለር ዙሪያ ነው። ለምሳሌ 24 ሚሊሜትር ውፍረት (ዲያሜትር) ያለው ድራም ዙሪያው 75 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ነጥቡ በአንድ ኤ4 ላይ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይታያል። በብዙ ሞዴሎች የጥገና ማኑዋል ውስጥ የየሮለሩ ርቀት በሠንጠረዥ ተቀምጧል። ለካችሁ ታስተያያላችሁ፣ ጥፋተኛው ይታወቃል። አንድም ብሎን ሳይፈታ!

ጽሑፉ ደህና ወጥቶ በጣት ሲታሽ ከተነሳ ቶነሩ አልቀለጠም። ወዲያው ፊውዘሩ ሞተ አትበሉ። መጀመሪያ የወረቀቱን ዓይነት ምርጫ እዩ። ወፍራም ወረቀት ከትታችሁ ማሽኑ «ተራ ወረቀት» ብሎ ካሰበ በቂ ሙቀት አይሰጥም። ምርጫው ላይ «ወፍራም» በሉት። በተራ ወረቀትም ከተነሳ ያኔ የፊውዘር ጉዳይ ነው፤ እሱ ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው።

ጥፋቱ ከፊውዘሩ በፊት ነው ወይስ እሱ ላይ የሚለውን ለመለየት አንድ ዘዴ አለ። አንድ ገጽ ላኩና ወረቀቱ መሐል ሲደርስ የፊት በሩን ክፈቱ። ማሽኑ ይቆማል። ካርትሪጁን አውጡና ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ፊውዘሩ ያልደረሰበት ግማሹ ላይ ዱቄቱ ገና ልቅ ነው፤ አትንኩት፣ እዩት ብቻ። እዚያ ላይ ጥርት ያለ ሆኖ ሙሉው ገጽ ሲወጣ የሚበላሽ ከሆነ ጥፋቱ ከፊውዘሩ ነው። እዚያም ተበላሽቶ ከታየ ወደ ካርትሪጁ ዙሩ።

የፈሰሰ ቶነር በሙቅ ውሃ አይታጠብም፤ ሙቀቱ ያጣብቀዋል። እጅም ልብስም በቀዝቃዛ ውሃ ነው። በቤት ቫኪዩምም አትሳቡት፤ ዱቄቱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ማጣሪያውን አልፎ አየሩ ላይ ይበተናል። ረጠብ ባለ ጨርቅ ማንሳት ይሻላል።

መስመሩ ኮፒ ላይ ብቻ ከሆነ

ይህ አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሰው ያለ አግባብ ካርትሪጅ ይገዛበታል። ከኮምፒውተር ሲታተም ገጹ ንጹሕ ነው። ወረቀት ከላይ በሚጎትተው በኩል ስካን ወይም ኮፒ ሲደረግ ግን ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። መስታወቱ ላይ በእጅ ተቀምጦ ሲሆን ደግሞ መስመር የለም። ክዳኑን ክፈቱ። ከትልቁ መስታወት ጎን፣ ጣት የምታህል ስፋት ያላት ሌላ ረጅም ቀጭን መስታወት አለች። ከላይ የሚጎተተው ወረቀት የሚነበበው እሷ ላይ ነው። ከጎን ዝቅ ብላችሁ በብርሃን እዩዋት። የደረቀ ፍሉይድ ወይም የሙጫ ጠብታ ታገኛላችሁ፤ የመርፌ ጫፍ ብታህል እንኳ በቂ ናት። ወረቀቱ በላይዋ ሲያልፍ ያቺ ነጥብ ከላይ እስከ ታች መስመር ትሆናለች። ለስላሳ ጨርቅ ላይ ትንሽ አልኮል አድርጉና አሹት። በጥፍር እንጂ በምላጭ አትፋቁት። ፈሳሹን መስታወቱ ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ አድርጉ።

ኢንክጄት የሚታመመው ሥራ ሲፈታ ነው

የኢንክጄት ፕሪንተር ቀለም የሚረጨው ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ነው። አንዳንዶቹ ቀለሙን በቅጽበት አግለው በአረፋ ይገፉታል፤ እንደ ኤፕሰን ያሉት ደግሞ ያለ ሙቀት፣ በኤሌክትሪክ በምትርገበገብ ስስ አካል ይገፉታል። በሁለቱም ችግሩ አንድ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ እንዳደረ እስክሪብቶ ቀለሙ ጫፉ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ሥራ ባይኖራችሁም በሳምንት አንድ ጊዜ ሁሉም ቀለም ያለበት አንድ ገጽ አትሙ።

ከዚህ የሚበልጠው ግን አጠፋፉ ነው። ሁልጊዜ በራሱ ቁልፍ አጥፉት። ቁልፉን ስትጫኑ ሄዱ (ቀዳዳዎቹ ያሉበት ክፍል) ወደ ጥጉ ሄዶ ጎማ ክዳኑ ላይ ይቀመጣል፤ ያኔ አየር አይደርስበትም። ግድግዳው ላይ ወይም ማከፋፈያው ላይ ካጠፋችሁት ሄዱ ባለበት፣ ክፍቱን ሊቀር ይችላል። ቤት ውስጥ የደረቁ ሄዶችን ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «በምን ታጠፉታላችሁ?» ብዬ ነው።

ገጹ ላይ ነጫጭ ሰንበሮች ከመጡ ወይም አንዱ ቀለም ከጠፋ መጀመሪያ «ኖዝል ቼክ» አትሙ። የተቆራረጠ መስመር የትኛው ቀለም እንደተደፈነ ያሳያችኋል። ከዚያ አንድ ጊዜ «ሄድ ክሊኒንግ» አድርጉና እንደገና ቼኩን አትሙ። ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ አትደጋግሙት። እያንዳንዱ ማጽዳት ቀለም ይጨርሳል። የሚፈሰው ቀለም ደግሞ ከማሽኑ ሥር ያለ ስፖንጅ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስፖንጁ ሞላ ብሎ ማሽኑ ሲቆጥር ሥራ ያቆማል። ካልተስተካከለ አጥፉትና ለ12 ሰዓት ያህል ተዉት። የደረቀው ቀለም ይለሰልሳል። በማግስቱ አንድ ጊዜ አጽዱና ቼኩን እዩ። ብዙ ጊዜ ከትናንቱ የተሻለ ይሆናል።

ታንክ ያለው ከሆነ ቀለሙ ከታችኛው ምልክት በታች እንዳይወርድ ጠብቁ። ከወረደ አየር ቱቦው ውስጥ ይገባል፤ ያን ማስወጣት ብዙ ቀለም ይበላል። ስትሞሉ የጠርሙሱን ቁጥር ከማሽኑ ጋር አስተያዩ። ለሌላ ሞዴል የተሠራ ቀለም አትደባልቁ።

ሄዱ ጥግና ጥግ እየተጋጨ የሚጮህ ከሆነ፣ ወይም ቀጥ ያሉ መስመሮች ጠመው ከወጡ፣ ከሄዱ ጀርባ ከግራ ወደ ቀኝ የተወጠረች ቀጭን ግልጽ የፕላስቲክ ጥብጣብ ፈልጉ። ብርሃን ላይ ስታዩአት በጣም ደቃቅ መስመሮች አሉባት። ሄዱ የት እንዳለ የሚያውቀው እነሱን እየቆጠረ ነው። ቀለም ወይም ቅባት ከነካት ቆጠራው ይዛባል። ሶኬቱን ንቀሉ። ረጠብ ባለ ክር የማይጥል ጨርቅ በሁለት ጣት ያዝ አድርጋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንሸራቱ። አትሳቧት፤ ከመንጠቆዋ ከወጣች መመለሷ አስቸጋሪ ነው።

ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት

ሌዘር ፕሪንተርን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ላይ አትሰኩ። ፊውዘሩ ሲግል በቅጽበት ብዙ ኃይል ይስባል፤ ዩፒኤሱ ሊጠፋ ይችላል፣ ከእሱ ጋር የተሰካው ኮምፒውተርም አብሮ ይጠፋል። የሚጮህ የማሽኑ ጥርስ (ማርሽ) ላይም ዘይት አትርጩ። ዘይቱ ወደ ሮለሩ ይሄድና ከዚያ በኋላ ወረቀት መያዝ ያቅተዋል።

የተቃጠለ ሽታ ከመጣ፣ ፊውዘሩ አልሞቅ ካለ ወይም ጥርስ ሲሰበር ከተሰማ ሶኬቱን ነቅላችሁ ባለሙያ ጥሩ። ስትደውሉ ግን «ተበላሸ» ብቻ አትበሉ። ሙሉውን የሞዴል ስም ከማሽኑ ላይ ንገሩት። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር ወይም የመብራቶቹን አበራር በስልክ አንሱት። ከመረጃ ገጹ ላይ እስካሁን ስንት ገጽ እንዳተመ እዩ፤ የትኛው ሮለር ዕድሜው እንዳለቀ ከዚያ ይገመታል። ኮፒውን ሞክራችሁ ምን እንደወጣም ንገሩት። የተበላሸውን ገጽ ደግሞ ቅርጫት ውስጥ አትክተቱት። ወረቀቱ በየትኛው ጫፍ በኩል ቀድሞ እንደወጣ ጥጉ ላይ በእስክሪብቶ ቀስት አድርጋችሁ አስቀምጡለት። ማስመሪያውን አውጥቶ የሚጀምረው ከእሱ ነው።